የጭቃ ሹሙ ግድግዳ

በ፲፱፻፶፮ ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ያየህ የሚባል የመንግሥት ቀያሽ ከወረታ በበቅሎ ወጥቶ፣ ክረምት ሲገባ የትኞቹ የፎገራ ወንዞች ገበሬውን እንደሚያሰጉ ይመረምር ነበር። ወንዞቹ ደርቀው መሬቱ ተሰነጣጥቋል። የአጥቢያው ጭቃ ሹም አቶ ገሰሰ እየመሩት አንድ የፈረሰ ጎጆ ዘንድ ደረሱ። ሸክላ ሠሪዋ ይታይሽ ፍርስራሹ አጠገብ ቆማለች።

«የማን ቤት ነበር?» አለ ያየህ።

«የእህቴ የድንቅነሽ። አምና እኒህ ጭቃ ሹም ውሃው ማሳቸውን እንዳይበላ ብለው የወንዙን ዳር በዚህ በኩል አስቆረጡት። ጎርፉ ከነልጇ ወሰዳት።»

«የእግዜር ሥራ ነው» አሉ ገሰሰ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

«የእህቴ ደም ውሃ ሆኖ አይቀርም» አለች ይታይሽ።

ለምሳ ጉብታው ላይ ወዳለው የጭቃ ሹሙ ቤት ወጡ። ገሰሰ መደቡ ላይ ተቀምጠው ግድግዳውን ተደገፉና «እዚህ እንኳ ጎርፍ ደርሶ አያውቅም» አሉ።

ያየህ ግን ግድግዳው ከሥሩ ረጥቦ አየ። እርጥበቱ ጎርፍ በቤት ላይ ትቶት እንደሚሄደው ቀጥ ያለ መስመር ሠርቷል። ዓይኑ እያየ መስመሩ ወደ ላይ ወጣ። መደቡን አለፈ፣ ከገሰሰ ወገብ፣ ከዚያም ከደረታቸው ደረሰ።

«አቶ ገሰሰ፣ ይነሡ!» ብሎ እጃቸውን ሳበ። እጃቸው ርሶ ነበርና አዳለጠው። የእሱ ልብስ ደረቅ ነው፤ ወለሉም ደረቅ ነው።

ገሰሰ ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ ድፍርስ ውሃ ሞላው። ጋቢያቸው ከትከሻቸው ተነሣና አየሩ ላይ ቀስ ብሎ ተንሳፈፈ።