የአባትየው ተራ

ፕሮፌሰሯ ዳኞች ለእናት ያደላሉ ወይ የሚለውን ጥናቷን ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ማካሄድ አልፈለገችም። «ዳኛ ጥቁር ሰሌዳ አጠገብ ከተቀመጠ መምህር ይሆናል» አለች። ስለዚህ ከአንድ ፍርድ ቤት ላይኛው ፎቅ ላይ ያለውን ትርፍ ችሎት ተዋሰች። ፊት ለፊቱ የቤተሰብ ጉዳይ ችሎት ነው፤ ኮሪደሩ ላይ ባለጉዳይ አይጠፋም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጠዋት አንዲት ተዋናይ እናት ሆና «ልጄ ከእኔ ጋር ትኑር» ብላ ትከራከራለች። ከሰዓት አንድ ተዋናይ አባት ሆኖ እንዲሁ ይከራከራል። ገቢያቸው እኩል፣ ቤታቸው እኩል፣ ጥፋታቸውም እኩል ተደርጎ ተጽፏል። ጡረታ የወጣ ዳኛ፣ ነገሩ ጨዋታ መሆኑን እያወቀ፣ እንደ ድሮ ልማዱ ይፈርዳል። በየጊዜው ሌላ ዳኛ፣ ሌላ ተዋናይ ይመጣል። እስካሁን ያሸነፈ አባት የለም።

አንድ ጥብቅ ደንብ አለ፤ የተዋናይ ስም አይጠየቅም። ስም ከተነገረ አገርና ሃይማኖትም አብሮ ይነገራል ባይ ነች ፕሮፌሰሯ። ከተዋናይ ጋር ወግ መጀመርም ክልክል ነው። ይገባል፣ ይናገራል፣ ይወጣል።

ደንቡን የሚያስከብረው ረዳቷ የሕግ መምህር ነው። ባልደረቦቹ «ሚዛን» ይሉታል፤ ሁለት ብርጭቆ ሻይ እንኳ እኩል ካልተቀዳ ደስ አይለውም። የእሱም ልጅ በፍርድ ለእናቷ ተሰጥታለች። የትምህርት ክፍሉ ሁሉ ያውቃል፤ ፊቱ ላይ የሚያነሳበት ግን የለም።

ከምሳ በኋላ ሚዛን ወደ ኮሪደሩ ወጣ። አሮጌ ግን በደንብ የተተኮሰ ኮት የለበሰ ሰው ቆሞ በሮቹን ተራ በተራ ያያል።

«አባትየው እርስዎ ነዎት?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ይግቡ፤ ዳኛው እየጠበቁ ነው።»

ሰውየው ሌላ ነገር ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት ሚዛን ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ደንብ ደንብ ነው። ካስገባው በኋላ ከፕሮፌሰሯ ጋር ክርክሩን ከሚቀርጹበት መጋረጃ ጀርባ ተቀመጠ።

«ቁጭ በል ልጄ» አሉ ዳኛው።

ሰውየው አልተቀመጠም። ዘወር ዘወር ብሎ አየ። «እናቷ አልመጣችም?»

«የእሷን ጠዋት ሰምተናል። አሁን የአንተን ንገረን።»

«ክቡር ዳኛ፣ ብቀር በሌለሁበት እንደሚወሰንብኝ ስለነገሩኝ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። እንጨት ሠራተኛ ነኝ። ዛሬ ካልተፈረደልኝ እናቷ ይዛት ከአገር ልትወጣ ነው።»

ፕሮፌሰሯ በእጇ ያለውን ጽሑፍ ገለጠች። ጽሑፉ ላይ አባትየው የባንክ ሠራተኛ ነው። ከአገር የሚወጣም ሰው የለበትም። ሚዛንን በጎን አየችው።

ከውጭ የፊት ለፊቱ ችሎት አስተናባሪ እየጮኸ ባለጉዳይ ይጣራል፤ የሚለው በውል አይለይም። ሚዛን ቀረጻው እንዳይበላሽ በእግሩ ጣት ሄዶ በሩን ጥርቅም አድርጎ ገጠመው።

«ለመሆኑ ፀጉሯን ማን ይሠራታል?» ሲሉ ዳኛው ጠየቁ።

«እኔ ነኝ ጌታዬ። መጀመሪያ ሰሞን ጎረቤቶቼ ‹ወፍ ጎጆ ሠራባት እንዴ?› እያሉ ሲስቁብኝ ነበር። አሁን የራሳቸውን ልጆች ይልኩልኛል።»

ዳኛው ሳቁ። «ስታድግስ? የሴት ልጅ ጣጣ ለወንድ ይነገራል?»

«ከነገረችኝ እሰማለሁ። ካፈረችብኝ እህት አለችኝ። ትኩሳት ሲይዛት ግን የምትጣራው እኔን ነው፤ ትኩሳት ደግሞ ወንድ ሴት አይልም። ሌላ ምንም የለኝም፣ ክቡር ዳኛ። እሷን ከወሰዱብኝ የምገባበት ቤት ግድግዳ ብቻ ነው።»

ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉት።

«ልጅቷ ከአባቷ ጋር ትኑር» አሉ በመጨረሻ።

ሰውየው ጉልበታቸው ላይ ወደቀ። «እንግዲያው አሁኑኑ ሄጄ ከትምህርት ቤት ልውሰዳት?»

ዳኛው ጨዋታውን ማፍረስ አልወደዱም። «ውሰዳት ልጄ፣ ውሰዳት።»

እንባውን በእጅጌው እየጠረገ ወጣ። ደረጃውን እየዘለለ ሲወርድ ኮቴው ተሰማ።

«እንዲህ ያለ ተዋናይ ከየት አመጣችሁ?» አሉ ዳኛው ካባቸውን እያወለቁ። «አንጀቴን በላው።» ተሰናብተው ሄዱ።

በሩ እንደተዘጋ ፕሮፌሰሯ ወደ ሚዛን ዞረች። «አጥንተኸዋል አይደል?»

«ማንን?»

«ሞኝ አታድርገኝ። ፀጉር መሥራቱን፣ ትኩሳቱን፣ ግድግዳውን ማን ነገረው? የራስህን ክስ በሰው አፍ ይግባኝ ትላለህ!»

«ፕሮፌሰር፣ በልጄ እምላለሁ፤ ሰውየውን ዛሬ ገና ማየቴ ነው።»

«ልጅህን ተዋት።»

የሚዛን ፊት ደም ለበሰ። «እኔም ያኔ እንዲሁ አልቅሻለሁ። ማን ሰማኝ? አሁን አንድ አባት፣ በውሸትም ቢሆን፣ ተፈረደለት። ይህም በዛበት?»

«በውሸት ስለሆነ ነው የበዛበት። ጥናት በእንባ አይሠራም።» ቀረጻውን ከፍታ አጠፋችው። «ይህ ፍርድ እንዳልነበረ ይቆጠራል። አንተን ደግሞ ነገ ዲኑ ያነጋግርሃል።»

ሚዛን ቦርሳውን አነሳ። በዚህ መሐል በሩ ተንኳኳና አንድ ሸበቶ ሰው እያለከለከ ገባ።

«በጣም ይቅርታ፣ መንገድ ተዘግቶብኝ ነው የዘገየሁት» አለ። «አባትየውን የምጫወተው እኔ ነኝ።»