እናቱ ጣለችው የተባለው ሳጥን

እናታችሁ ስንት ጊዜ ይቅርታ ለምናችኋለች?

ኤርማ ፕሪቸት ልጇን ድዌይንን አርባ ስድስት ዓመት ለምናዋለች...

ዛሬም በሰማንያ አራት ዓመቷ፣ ኦሃዮ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች አዳራሽ ውስጥ በተዘጋጀ የካርድ ገበያ፣ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ትዞራለች። ልመናው የሚያበቃበትን ነገር ፍለጋ።

የምትፈልገው አንድ የቤዝቦል ካርድ ነው። ከመዳፍ የማትበልጥ ካርቶን... ፊቷ ላይ የተጫዋች ፎቶ ያለባት፣ ልጆች የሚሰበስቧት።

ድዌይን ልጅ ሳለ አንድ ሙሉ ሳጥን ነበረው። በአንዱ የትምህርት ቤት እረፍት ካምፕ ከርሞ ሲመለስ ሳጥኑ የለም።

ኤርማ በዚያው ሳምንት ቤት ስታጸዳ ሦስት ካርቶን ሳትከፍት ለቆሻሻ መኪና ሰጥታ ነበር። "እኔ ነኝ የጣልኩት" አለች። ሌላ ማን ሊሆን ይችላል?

ከዚያ የአሮጌ ካርድ ዋጋ ሰማይ ነካ።

በየዓመቱ ቤተሰቡ ለምስጋና ቀን በዓል ሲሰበሰብ፣ ድዌይን ቢላዋውን የተጠበሰው ተርኪ ዶሮ ላይ እንዳደረገ፣ በካርዶቹ ሊገዛቸው ይችል የነበሩት ቤትና መኪና በቆሻሻ መኪና ተጭነው እንደሄዱ ይተርካል። ምራቷ ትስቃለች። የልጅ ልጆቿ ይስቃሉ። ኤርማ ይቅርታ ትጠይቃለች።

ከመሞቷ በፊት "አለቀ፣ እማዬ" ሲላት መስማት ትፈልጋለች። ሌላ ምንም አትፈልግም።

ድዌይን አብሯት መጥቶ ወደ አዳዲሶቹ ካርዶች ሄዷል። እሷም መንገዷ ላይ አንድ የሚያብረቀርቅ ጠረጴዛ ጋ ቆመች።

ሻጩ በወፍራም ፕላስቲክ የታሸገች ካርድ አሳያት። በዓለም ላይ አንድ ብቻ ናት አላት።

"ማን ነው አንድ ብቻ ያደረጋት?"

"ፋብሪካው ነዋ።"

"ለምን? ቀለም አለቀበት?"

ሰውየው ካርዷን ወደ ቦታዋ መለሰ...

ጥግ ላይ ደግሞ ቨርን የሚባል ሽማግሌ፣ ጠርዛቸው የተበላ፣ ቀለማቸው የወየበ ካርዶች ዘርግቷል። ሃምሳ ዓመት ሙሉ አሮጌ ካርድ ሲገዛና ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። ኤርማ የተለጠፈባቸውን ዋጋ አይታ ገርሟት ጠየቀችው። የዚያኛው እንደ መስታወት ያበራል፣ ያንተ ጥርስ የወጣለት ሕፃን ያኘከው ይመስላል። ታዲያ ያንተ ለምን ይወደዳል?

"አዲሱን የሚጥለው የለም፣ እትዬ። ከፓኬቱ ሳይወጣ ፕላስቲክ ያለብሱታል። ስለዚህ ፋብሪካው ራሱ ጥቂት ያትምና ብርቅ ያደርገዋል። የኔን ብርቅ ያደረጉት እናቶች ናቸው... እየጣሉ።"

ደግሞም አለ ቨርን፣ የአዲሱ ተጫዋች ጉልበት ሲሰበር የካርዱ ዋጋም አብሮ ይሰበራል። የሞተ ሰው ጉልበቱ አይሰበርም።

ኤርማ አልሳቀችም።

"ከጣሉት አንዷ እኔ ነኝ" አለችው።

"እዚህ የሚመጣ ወንድ ሁሉ እናቱ ጥላበታለች። እናቶች የጣሉት እኔ እጅ እንዴት እንደገባ ግን አንዱም ጠይቆኝ አያውቅም።"

የምትፈልገውን ነገረችው። ሬይ ኮስላክ የተባለ ኳስ ወርዋሪ፣ የመጀመሪያ ዓመቱ ካርድ፤ ድዌይን ከጠፉት ሁሉ አብልጦ የሚያነሳው።

አንድ አለኝ፣ ግን የተበላሸ ነው አለ ቨርን። ያኔ ተጫዋች ክለብ ሲቀይር ልጆች የድሮውን ክለብ በእስክሪብቶ ሰርዘው አዲሱን ይጽፉ ነበር። ቀለም የነካውን ካርድ ደግሞ ሰብሳቢ ዞር ብሎ አያየውም። ስለዚህ እንዲህ የተጻፈባቸው ካርዶች ያሉበት አንድ ሳጥን ሳይሸጥ ቀረ።

ይህን እያለ ከጠረጴዛው ሥር አንድ የጫማ ሳጥን አወጣ...

ኤርማ ካርዱን አላየችም።

ያየችው የሳጥኑን ጎን ነው። በራሷ የእጅ ጽሑፍ፦ "የሠርግ ጫማዬ። አይጣል።" ድዌይን ካርዶቹን ያጠራቅምበት የነበረው ያ ሳጥን ነው።

"ይሄን ከማን ገዛኸው?"

ቨርን ክዳኑን ገለበጠላት። ከልጅ ሲገዛ ወላጅ ካልፈረመ እሺ አይልም ነበር፤ የተሰረቀ ዕቃ እንዳይሆንበት። ወረቀቱን የሚለጥፈው ክዳኑ ውስጥ ነው።

ሁለት ፊርማ ነበር።

አንዱ፦ ድዌይን ፕሪቸት፣ አሥራ ሰባት ዓመት።

ከሥሩ፦ ሌስተር ፕሪቸት፣ አባት።

ቀኑ ልጁ ካምፕ ከመሄዱ አንድ ሳምንት ቀድሞ ነው። ቤቱን ከማጽዳቷ በፊት... መጥረጊያ ከማንሳቷ በፊት።

ባሏ ሌስተር ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ። በዚያን ጊዜ ለልጁ አሮጌ ሞተር ብስክሌት ይዞለት ገብቶ፣ የሥራ ባልደረባዬ በርካሽ ለቀቀልኝ ብሏት ነበር። ገንዘቡ ከየት እንደመጣ አሁን ገባት። ከዚያ በኋላ ሠላሳ ሰባት የምስጋና ቀን ከጎኗ ተቀምጦ፣ እሷ ይቅርታ ስትለምን እሱ ድንቹን ሲበላ ኖሯል።

"እማዬ፣ አገኘሽው?"

ድዌይን ነው። በእጁ አዲስ ካርድ ይዟል።

ክዳኑን አሳየችው።

የስድሳ ሦስት ዓመቱ ሰውዬ ፊቱ አመድ መሰለ። ሳጥኑን እንደሸጠ ብታውቅ ትቆጣለች ብሎ ፈርቶ እንደነበር፣ አባቱም "ዝም በል፣ ትረሳዋለች" እንዳለው ተናገረ። በኋላ ዋጋው ሲንር ጓደኞቹ ሁሉ እናቴ ጣለችብኝ ሲሉ እሱም አለ። ሲደጋግመው እውነት መሰለው።

"ልጅ ነበርኩ፣ እማዬ..."

"በሃምሳ ዓመትህም ልጅ ነበርክ?"

ድዌይን በእጁ የያዘውን አዲስ ካርድ ኪሱ ከተተ።

ቨርን ጨነቀው። ካርዱን በነፃ ይውሰዱት እትዬ፣ ልጅዎን ግን ይቅር ይበሉት ብሎ ለመናት።

ትምህርቱ ይሄ ነው...

በየቤታችሁ ለጠፋው ሁሉ ጥፋተኛ የምትባል አንዲት ሴት ካለች፣ አብራችሁ ከመሳቃችሁ በፊት ክዳኑን ገልብጣችሁ እዩ። ጥፋቱን አምና የተቀበለች ሰው ሁሉ አጥፍታለች ማለት አይደለም። አንዳንዷ የተቀበለችው ማንም አይዋሸኝም ብላ ነው።

እናንተ በኤርማ ቦታ ብትሆኑ ምን ትሉት ነበር? ኮሜንት ላይ ጻፉ።

እሷ ያለችውን ግን ልንገራችሁ።

ክዳኑን ብብቷ ሥር ሸጉጣ በሩ ጋ ስትደርስ ድዌይን ተከተላት። "እኔን ተዪኝ... አባዬን ግን ይቅር በይው። ሞቷል እኮ።"

ኤርማ ዞር አለች።

"እሱንም አልልም። አንተንም አልልም። 'አይጣል' የሚለውን ጽሑፌን እያየ የገዛውንም አልልም። ማንንም ይቅር አልልም።"