ሳጅን ያልሰማው ትዕዛዝ

አባቴ ጥዱ ሥር ተቀምጦ አልነሳም አለ። ክሬኑ የዛፉን ጫፍ አንቆ ይዟል፤ ጎረቤታችን ክላይድ መጋዙን አጥፍቶ ቆሟል፤ ከሃሊፋክስ የመጣው ሹም ሰዓቱን ያያል። የመንደሩ ሰው በሙሉ አጥሩን ተደግፎ ትርኢቱን ይኮመኩማል።

«ጋሼ ኤልድሪጅ፣ መሬቱ እኮ በረዶ ነው! ብርድ ይመታዎታል!» አለ ክላይድ።

«አንተ መጋዝህን ጠብቅ!»

ሹሙ ወደ እኔ ጠጋ አለ። «ዘንድሮ ለቦስተን ሰዎች ለምስጋና የሚላከው የገና ዛፍ ይሄ እንዲሆን አባትሽ በፀደይ ተስማምተው ነበር እኮ። ምን ነካቸው?»

«ውሻው እዚህ ሥር ነው የተቀበረው» አልኩት። ሌላ ምን ልበል?

ሳጅን ነበር ስሙ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፈንጂ የጫነች መርከብ የሃሊፋክስ ወደብ ላይ ስትፈነዳ፣ የአባቴ ሰፈር ድራሹ ጠፋ። ያኔ ትንሽ ልጅ ነው። ቤታቸው እላዩ ላይ ወረደ፤ እናቱ ከዚያ አልወጣችም። ሳጅን ግን ፀጉሩ ተለብልቦ፣ አንድ ጆሮው ተተርትሮ፣ በፍርስራሹ ሾልኮ መጣና ደረቱ ላይ ተኛ። «ሂድ! ሰው ጥራ!» ቢለው፣ ወይ ፍንክች! በማግስቱ ያ የበረዶ ማዕበል ሲወርድም አልተነቃነቀም። ወታደሮች ቆፍረው ሲያወጡት የልጁ ገላ ትኩስ ነበር። እንዲህ ያለ ፍጡር ከየት ይገኛል? ሲሞት አባቴ እዚህ ቀበረው፤ ይህን ጥድም ተከለበት።

ሄጄ አጠገቡ ቁጭ አልኩ።

«አባባ፣ ሰው እየጠበቀ ነው።»

«ይጠብቃ! እሱ እኔን ጥሎ አልሄደም። እኔ እንዴት አሳልፌ እሰጠዋለሁ?»

«የቦስተኗን ነርስ ረሳሃት እንዴ?»

ታሪኳን እየነገረ ያሳደገኝ እሱ ነው። ሆስፒታሉ በር ላይ «ውሻ አይገባም» ሲሉ፣ ለእርዳታ ከቦስተን ያን ሁሉ በረዶ በባቡር አቋርጣ የመጣች ነርስ ሳጅንን በካፖርቷ ጠቀለለችው። «ይሄም ቁስለኛ ነው» ብላ ጆሮውን ሰፋችለት።

«ሳጅን እኮ እጇን ልሶ አመስግኗታል» አለ አባቴ።

«አንተስ?»

አፈጠጠብኝ፤ ከዚያ ሳቁ አመለጠው። «ምላስሽ በእናትሽ ወጥቷል! በይ አንሺኝ።»

እጁን ይዤ አነሳሁት። ሱሪውን አራገፈና ግንዱን ውሻ እንደሚደባበስ ደባበሰው። ክላይድ መጋዙን አስነሳ። የእንጨቱ ብናኝ ጫማችን ላይ ሲረግፍ አባቴ አልሸሸም።

ግንዱ ተቆርጦ አለቀ፤ ክሬኑ ሳበ። ጥዱ ግን ጉቶው ላይ እንደቆመ ቀረ፤ ፍንክች አላለም።

አባቴ ባርኔጣውን አወለቀ። «ሂድ፣ ሳጅን» አለ ቀስ ብሎ። «አሁን ሂድ።»

ጥዱ ከመሬት ተነሳ።