የበረዶ ማርገፊያ ተራ

ካፒቴኑ በአንዲት ሰሜናዊት ከተማ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ከክንፍ ላይ በረዶ የሚያረግፈውን ፈሳሽ ለማስረጨት ተሰልፎ ሳለ፣ ከኋላው የመጡ ሁለት ትንንሽ አውሮፕላኖች ቀድመውት ተረጩ። የእሱና የበረራ ሠራተኞቹ የሥራ ሰዓት እኩለ ቀን ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ካለፈ የአዲስ አበባ በረራው ያድራል። ነገ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ አንድያ ልጁን ይድራል።

የበረዶ ማርገፊያው ተራ አስያዥ በሬዲዮ የሚናገረው በእንግሊዝኛ ነበር፤ ሦስተኛው አውሮፕላን ሊያልፍ ሲል ግን በአማርኛ፣ «ካፒቴን፣ ጥቂት ይታገሡኝ» አለው።

«ሐበሻ ነህ እንዴ?» አለ ካፒቴኑ ደሙ ፈልቶ። «የገዛ ወንድሜ ነህ ለካ እንዲህ የምትጫወትብኝ!»

«እናቴ ትሙት፣ ለእርስዎ ብዬ ነው።»

«ለእኔ ካሰብክ ተራዬን ስጠኝ! አለዚያ ለአለቃህ እከስሃለሁ።»

«እሺ፣ ይግቡ» የሚል ድምፅ መጣ።

ግዙፉ አውሮፕላን ተረጭቶ እስኪያበቃ ብዙ ቆየ። ማኮብኮቢያው አፍ ላይ ሲደርስ የበረዶ መጥረጊያ መኪኖች ከፊቱ ተከታትለው ገቡ፤ ማኮብኮቢያውም ተዘጋ። እስኪከፈት ድረስ ለጥቂት ጊዜ ብቻ የሚሠራው የፈሳሹ ኃይል አለቀና የሚወርደው በረዶ ክንፉ ላይ ዳግም ተጋገረ፤ እንደገና መረጨት ግድ ሆነ።

«ማኮብኮቢያውን ሊዘጉት ሲሰናዱ አይቼ ነበር» አለ ተራ አስያዡ። «ትንንሾቹ ቶሎ ተረጭተው ሳይዘጋ ያመልጣሉ፤ እርስዎን ልክ ሲከፈት እንዲደርሱ አስረጭቼ በመጀመሪያ ላስወጣዎት ነበር። የመቆጣጠሪያ ማማው ሳያውጅ መናገር ክልክል ሆኖብኝ እንጂ።»

ካፒቴኑ ሰዓቱን አየ፤ እኩለ ቀን ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል።

«አሁን ስንተኛ ነኝ?»

«የመጨረሻ ነዎት፣ ጌታዬ።»