የዶክተር ሄዲ መስመሮች

ሻድሊ ስልኩ ሲጮህ የጭነት መኪናውን ነዳጅ እያስሞላ ነበር። የደወሉት ቢዘርት ከተማ ውስጥ ከእህቱ ቤት በላይ ባለው ፎቅ የሚኖሩት እማማ ዛክያ ናቸው።

«ና ልጄ፣ እህትህን ውሰዳት» አሉት። «ሰውዬው መጫወቻ አድርጓታል። የወንድሜ ልጅ ለእህትህ ልጅ ቀለበት ሊያስር ሳምንት ቀረው፤ ከምን ዓይነት ቤት ጋር እንደምንዛመድ እንጃ!»

ሰውዬው የእህቱ የሞንጂያ ባል ዶክተር ሄዲ ነው። ዶክተር ይባል እንጂ ሐኪም አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚሠራ ተመራማሪ ነው። ሰው እግሩን ከማንሳቱ በፊት እርምጃው ጭንቅላቱ ውስጥ እንዴት እንደሚታቀድ ያጠናል። የሚስቱ ዘመዶች ግን ስለ መራመድ ደግሞ ምን የሚጠና ነገር አለ እያሉ ሲያሙት ኖረዋል። ካለፈው ዓመት ወዲህ ተማሪዎቹን ለባልደረቦቹ ትቶ አብዛኛውን ጊዜ ቤት ይውላል።

ሻድሊ በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ደረሰ። በሩን የከፈተለት ሄዲ ነው፣ ያውም በግማሽ።

«ምነው ደውለህ ብትመጣ?» አለው።

«እህቴን ለማየት ቀጠሮ ያስፈልጋል እንዴ ዶክተር?»

ሄዲ ከበሩ ዘወር አለለት። ወለሉ ላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፏል። ከመኝታ ቤት እስከ ወጥ ቤት፣ ከወጥ ቤት እስከ ውጭው በር፣ በየእርምጃው ርቀት አንድ አንድ መስመር ኮሪደሩን አቋርጧል። በየደጃፉ ያለው መስመር ደግሞ ቀይ ነው።

ሞንጂያ የወጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆማለች። ሻድሊን አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ድሮ ድምፁን ስትሰማ ደረጃውን በሩጫ ነበር የምትወርድለት። ዛሬ ከቀዩ መስመር አላለፈችም። ፊቷ ላይ ፈገግታም እንባም የለም። ቀኝ እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ሲያይባት ኪሷ ውስጥ ደበቀችው።

«እትዬ!»

«እንኳን ደህና መጣህ» አለች። ድምጿ ከከንፈሯ አላለፈም።

ከዚያ ባሏን አየችው። ሄዲ አጨበጨበ። «ቀኝ!» አለ። «ግራ! ቀኝ!»

ይሄኔ ቀዩን ተሻግራ፣ ነጮቹንም አንድ በአንድ እየተሻገረች መጣች። ሻድሊ ደሙ ፈላ።

ምሳው በዓሣ የተሠራ ኩስኩስ ነበር። ሄዲ የዓሣውን እሾህ እየለቀመ ለሚስቱ ያቀርብላታል፤ ልክ እንደ ሕፃን። በመሀል ሰዓቱን አየና አንዲት ክኒን መዳፏ ላይ አኖረ።

«ዋጪ።»

ዋጠች።

«ምንድን ነው?» አለ ሻድሊ።

«ቫይታሚን» አለ ሄዲ፣ ቀና ብሎ ሳያየው።

ሄዲ ሳህኖቹን ይዞ ሲሄድ ሻድሊ ወደ እህቱ ጠጋ አለ።

«ይመታሻል?»

«ኧረ ምን ነካህ!»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው? እኔ እኮ ነኝ፣ ንገሪኝ እንጂ!»

«የሰልዋ ቀለበት ይለፍ» አለች። ሰልዋ አንድ ልጇ ናት። «እስከዚያ ማንም ምንም እንዳይሰማ። የልጄን ዕድል እንዳታበላሽብኝ፣ አደራ።»

ሻድሊ ከዚህ በላይ መስማት አልፈለገም። እህቱ ለልጇ ስትል ይህን ሁሉ ችላ መኖሯ አንጀቱን በላው። እስካሁን ባለመምጣቱም ራሱን ረገመ።

እማማ ዛክያ ደረጃው ላይ ጠበቁት።

«አየህ አይደል? ጠዋት ጠዋት እንደ ሰርከስ ፈረስ ያጨበጭብላታል። ባለፈው እሱ ሳይኖር በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። ‹ነይ፣ ውጪ› ብላት ቀይዋ ጋ ስትደርስ ድርቅ ብላ ቀረች። ምን ብሎ ቢያስፈራራት ነው?»

«ጎረቤት ጥሩልኝ» አላቸው ሻድሊ። «ዛሬ ይዣት ነው የምወጣው።»

ተመልሶ ሲገባ ሄዲ በረንዳ ላይ የሚስቱን ቀሚስ ያሰጣል።

«ዶክተር፣ እህቴን ምን እያደረግካት ነው?»

«እሷን ጠይቃት። እኔ እንዳልናገር ቃል አስገብታኛለች።»

«አፏን ዘግተህባት እሷን ጠይቃት ትለኛለህ? አንተ ደግሞ ሰው ነህ?»

«ሻድሊ፣ አንድ ሳምንት ብቻ ታገሠን።»

ሻድሊ የበረንዳውን በር ጎትቶ ቆለፈበት። መስታወቱ ወፍራም ነው፤ የሄዲ አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ ይታያል እንጂ ድምፁ አይሰማም።

ሞንጂያ ኮሪደሩ መሀል ደርሳ ነበር። ሻድሊ ተንበርክኮ ፕላስተሩን ይልጥ ጀመር።

«ተው» አለችው።

«አይዞሽ፣ ለምደሽው ነው የፈራሽው።»

ወለሉ እህቱ እግር ድረስ ተራቆተ፤ ከእሷ ወደ ውጭው በርም እንዲሁ። መጨረሻ ላይ ቀዩን ነቅሎ ሁሉንም ጠቀለለ። በሩንም በሰፊው ከፍቶ ወደ ደረጃው ወረወረው። ደረጃው በጎረቤት ተሞልቷል፣ ፊት ለፊት እማማ ዛክያ።

«አለቀ!» አለ ሻድሊ። «ከዛሬ ወዲያ መስመር የሚያሰምርብሽ የለም። ነይ እትዬ!»

ሞንጂያ ባዶውን ወለል አየች። ግንባሯን ላብ አጠመቀው። ጉልበቷ ራደ፣ ጫማዋ ግን ካለበት አልተነቃነቀም። ከመስታወቱ ጀርባ ሄዲ እያለቀሰ ያጨበጭባል።

«እሱን አትዪው! ተቆልፎበታል እኮ፣ ምንም አያደርግሽም! ነይ!»

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

«ዝም በሉ፣ ልትናገር ነው!» ብለው እማማ ዛክያ ጎረቤቱን ጸጥ አሰኙት፤ ያቺ ደካማ ድምፅ ለሁሉም ተሰማች።

«ሻድሊዬ፣ መስመሮቼን መልስልኝ፤ ይሄ የሚያንቀጠቅጠኝ በሽታ እግሬን ከያዘው ወዲህ ያለ እነሱ መራመድ አልችልም።»