ኩዌት ድረስ የሚያይ ኮምፒውተር

ካይሮ፣ ሹብራ ሰፈር፣ በሐጃ ኢንሺራህ በር አይጥ እንኳ ሰላም ሳትል አታልፍም ይባላል። ሕንፃው የቤተሰብ ነው፤ ሐጃ ከታች፣ ምራታቸው ረባብ ከላይ አራተኛ ፎቅ። መውጫው አንድ፣ ደረጃውም አንድ። ሐጃ ደረጃው ሥር ወንበራቸውን ተክለው ባቄላ ይለቅማሉ። አንድ ኪሎ ባቄላ ሳምንት ይፈጅባቸዋል፤ ዓይናቸው ባቄላው ላይ የለማ።

ልጃቸው ወጊህ ኩዌት፣ ነዳጅ ማጣሪያ ውስጥ ነው የሚሠራው። የሠርጉ ሂና ከረባብ እጅ ሳይለቅ ሄደ። ሲሄድ አንድ ቃል ጣለ፤ "እስክመለስ ከበር አትወጪም።"

ረባብ ደግሞ ከፋርማሲ ትምህርቷ የቀራት የመጨረሻው ፈተና ብቻ ነው። እሑድ ነው ፈተናው። ከዚህ በፊት ቀርታለች፤ ዘንድሮም ከቀረች ስሟ ይሰረዛል።

ይህንኑ ለሐጃ ነገረቻቸው። ሐጃ ባቄላቸውን ሳይተዉ ሰምተው ጨረሱና፣ "የመውጫ ጫማሽ የታል?" አሉ። አመጣች። ተቀብለው አልጋቸው ሥር ወረወሩት።

"እግር ጫማ ካየ ሐሳብ ይመጣበታል" አሉ።

ይህ አልበቃ ብሎ ወጊህ ካሜራ ይገጠም አለ። አንዱ በሩ ላይ፣ አንዱ ደረጃው ላይ፣ አንዱ ረባብ ደጃፍ። "ለሌባ ነው" አለ። እዚያ ሕንፃ ውስጥ የሚሰረቅ ነገር ቢገኝ የሐጃ ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው፤ እሱም ሁልጊዜ ሥራ ላይ ነው።

የካሜራው ምስል የሚታይበት ኮምፒውተር ለመግዛት ሐጃ ረባብን "ዕቃ ትሸከሚያለሽ" ብለው ያገለገለ ኮምፒውተር የሚሸጥበት ገበያ ይዘዋት ሄዱ። ረባብ የቤት ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ተከተለች።

ሻጩ ፍክሪ ይባላል። ካይሮ ውስጥ ብሎን መፍቻ የያዘ ሁሉ ኢንጂነር ነውና፣ ኢንጂነር ፍክሪ።

"ሐጃ፣ ኮምፒውተር ምን ያደርግልዎታል? ይቺን ሳጥን ይውሰዱ። ርካሽ ናት። ካሜራውን ከዚህ ይሰኩታል፣ ምስሉ ቀጥታ ልጅዎ ስልክ ላይ። ማንም አይነካካውም።"

"እኔስ ምን ልሥራ?"

"እርስዎማ ይተኛሉ።"

"ስሞት እተኛለሁ። ኮምፒውተር አሳየኝ።"

እንደ ሠርግ ቤት የሚብለጨለጭ አንድ ጥቁር ኮምፒውተር አወጣ። "ይሄ የጨዋታ ነው። እንደ ሮኬት ይሮጣል።"

"እኔ የማየው ደረጃ ነው፣ ልጄ። ደረጃ አይሮጥም።"

ረባብ ጥግ ላይ አቧራ የጠገበች ኮምፒውተር አየች። "ሐጃ፣ ያቺ ትበቃናለች። ርካሽም ትመስላለች።"

"እሷ ሦስት ካሜራ አትችልም" አለ ፍክሪ። "በየመሃሉ ቀጥ ትላለች።"

ረባብ የኮምፒውተሯን አቧራ በእጅጌዋ ትጠርግ ጀመር። ሐጃ በጎን አዩዋትና፣ "አንቺን ብሎ መራጭ" አሉ።

በመጨረሻ የአውሮፓ መሥሪያ ቤት ጥሎት በኮንቴይነር የመጣ ትንሽ ግራጫ ኮምፒውተር ላይ አረፉ። መብራት አይበላም፤ ቀን ከሌት ቢሠራ አይጮህም። ሐጃ ላት እንደሚመዝን በግ ገዢ ጀርባውን ዳበሱት።

"ያለፈውን ያስቀምጣል?"

"ትልቅ ዲስክ ካስገባንበት፣ ወር ሙሉ።"

"መልሶስ ያሳያል?"

"እንደ ፊልም።"

"ልጄ በምን በኩል ነው የሚያየው?"

"እዚህ ስክሪን ላይ የተከፈተው ነው እሱ ስልክ ላይ የሚታየው። እርስዎ ያዩትን ያያል።"

"ስለዚህ ገመዱ እኔ እጅ ነው።"

ረባብ ያ ገመድ አንገቷ ላይ የገባ መሰላት።

"ደግሞ ጥግ ላይ ያለውን ቀንና ሰዓት አጥፋልኝ" አሉ ሐጃ። "ዓይኔን ይወጋኛል።"

"ሐጃ፣ ሰዓት የሌለው ካሜራ ምን ይሠራል?"

"እኔ ሰዓት የማውቀው በአዛን ነው።"

ዋጋ ሲጠራ ሐጃ ልባቸውን ይዘው ወንበር ላይ ወደቁ። ቀነሰ። እንደገና ወደቁ። መንገደኛው ውኃ ይዞ ሲሰበሰብ ፍክሪ ዲስኩንም መረቀላቸው።

ካሜራው ተገጠመ። ወጊህ ያን ቀን ደወለ።

"እማ፣ ረባብ በሯን ለምን ሁለቴ ከፈተች?"

"ቆሻሻ ልታወጣ ነዋ።"

"ቆሻሻ ሁለቴ ይወጣል?"

ከዚያ ወዲያ ረባብ በሯን መክፈት ፈራች። ማልቀስ ሲያምራት መታጠቢያ ቤት ትገባለች፤ ካሜራ የማያየው የመሰላት እሱ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሐጃ ከታች ተጣሩ።

"ሰማያዊ ጀለቢያሽን ልበሽና ደረጃውን እጠቢ።"

"ሐሙስ አጥቤዋለሁ እኮ፣ ሐጃ።"

"ቅዳሜም ደረጃ ነው።"

ከላይ እስከ ታች አጠበች። ስትጨርስ፣ "ድገሚው፣ ቀስ ብለሽ" አሏት። ከዚያ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ለወጥ የሚሆን የሞሎኪያ ቅጠል እንድትቀነጥስ አዘዟት።

"ገባ ብዬ ብቀነጥስስ?"

"እዚያው። ካሜራው ይይሽ።"

ወጊህ እንኳ ያን ቀን ሥራ ላይ ነበር፤ ማጣሪያው ውስጥ ስልክ አይገባም። ሐጃ ግን ባቄላቸውን ትተው እስከ ከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ኮምፒውተሩ ላይ ተጎልተው ዋሉ። ረባብ ጣቶቿ በውኃ ተጨማደው፣ እስር ቤት እንኳ ቅዳሜን ያርፋሉ አለች በሆዷ።

እሑድ ጠዋት ለቅሶ ቤት የምትሄድበትን ጥቁር ልብስ ለብሳ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ለራሷ ለቅሶ መቀመጧ ነው።

"ረባብ፣ ውረጂ" አሉ ሐጃ።

ወረደች። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ የወጊህ ድምፅ ክፍሉን ሞልቶታል።

"እማ፣ ዛሬ ዕረፍቴ ነው። ቀኑን ሙሉ ዓይኔን ከደረጃው አልነቅልም።"

"አትንቀል፣ ልጄ።"

"ይኸው አየኋት። ሰማያዊ ጀለቢያዋን ለብሳ ደረጃ እያጠበች ነው። እንዲህ ነው እንጂ ሴት።"

ረባብ ጥቁር ልብሷን አየች። ደረቅ እጆቿን አየች።

ሐጃ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው፣ ከአልጋው ሥር ጫማዋን በእግራቸው ገፋ አደረጉላት፤ ተወልውሏል።