የሙከራው ስልክ ቁጥር

ፌቨን ወንዝ ዳር ለሚኖሩ ሰዎች የጎርፍ ማስጠንቀቂያ የሚልከውንና በፓይተን የኮምፒውተር ቋንቋ የተጻፈውን ፕሮግራም ስታነብ፣ ኮዱ መሀል የአለቃዋን የአቶ ደምሰውን ስልክ ቁጥር አገኘች። ለሙከራ ብለው መልእክቱ ሁሉ ወደ እሳቸው እንዲሄድ ያደረጉት ራሳቸው ነበሩ።

"እንዲህ ያለው የሚቀያየር ቁጥር ከኮዱ ወጥቶ ለብቻው ፋይል ውስጥ ቢቀመጥ ይሻላል" አለቻቸው። "እዚህ ከተቀበረ ይረሳል።"

"አንቺ ሳትወለጂ እኔ ኮድ እጽፍ ነበር" አሉና ባልደረቦቿን አሳቁባት።

ፕሮግራሙ በተመረቀበት ቀን አቶ ደምሰው ለእንግዶች ንግግር አድርገው ከመድረክ ሲወርዱ የጎርፍ ማስጠንቀቂያው ስልካቸው ላይ ደርሶ አዩ። ፊታቸው አመድ መሰለ። ከእንግዶቹ መሀል ፌቨን አጠገብ መጥተው ተቀመጡና ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ።

"ፌቨንዬ፣ ያንን ቁጥር ቶሎ አውጪልኝ። ውሃው እየመጣ ነው፤ ሰዎቹ አልሰሙም።"

ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ ከፍታ አስተካከለችው። መልእክቱ ለወንዝ ዳር ሰዎቹ ሲደርስ ግን ጎርፉ ቤታቸው ገብቶ ነበር። ብዙዎቹ አልወጡም።

አደጋውን ሊመረምሩ የመጡት አጣሪዎች ኮዱን ማን እንደነካው ጠየቁ። ኮምፒውተሩ የሚያሳየው መጨረሻ ያስተካከለውን ሰው ብቻ ነበር፤ ፌቨንን።

"አውጪው ያሉኝ እሳቸው ናቸው" አለች።

የአቶ ደምሰው ዓይን እንባ አቀረረ።

"እንደ ልጄ ነበር የማያት" አሉ ለአጣሪዎቹ። "ኮዱን መንካቷን ገና አሁን ከእናንተ መስማቴ ነው።"